ሆላንዶች ያልሣሉት መሬት

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዶች የአገራቸውን መሬት የሣሉትን ያህል በአውሮፓ የሣለ ሕዝብ አልነበረም። ወንዙን፣ የአሸዋ ኮረብታውን፣ ያዘመመውን ጎጆ፣ የተጣመመውን ዛፍ፣ በረዶ የሆነውን ቦይ በብዙ ሺህ ሸራና የእንጨት ሰሌዳ ላይ አሰፈሩት። በዚያው ዘመን ከሠዓሊዎቹ ከተሞች ብዙ ሳይርቅ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ሐይቆች እየደረቁ እርሻ ይሆኑ ነበር። ዓሣ ይጠመድበት የነበረው ቦታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ላም የሚሰማራበት፣ መንገድ የተዘረጋበት፣ ግብር የሚከፈልበት መሬት ሆነ። በዘመኑ ከዚህ የሚበልጥ የሰውና የተፈጥሮ ትግል አልነበረም ቢባል ማጋነን አይደለም። በታላላቆቹ ሠዓሊዎች ሥዕል ውስጥ ግን ይህን ሥራ ፈልጋችሁ አታገኙትም ማለት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ክፍተት ነው። ሥዕሎቹ ውብ ናቸው፤ ውበታቸው ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ሌላ ነው። እነዚህ ሥዕሎች በገንዘብ፣ በሕግና በጉልበት የተሠራን አገር ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ አስመሰሉት። መሬትን «እንዲሁ የነበረ» ማስመሰል ደግሞ ፖለቲካዊ ውጤት አለው። ያን ጊዜም ነበረው፣ ዛሬም አለው።

(በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ሆላንድ» ያልኩትም በተለመደው አጠራር ነው፤ በትክክል ከተነሣን የኔዘርላንድስ ምዕራባዊ ክፍል ስም ነው።)

▪️ ሁለት ቃላት

እኛ «መልክዐ ምድር» እንላለን። የምድር መልክ ማለት ነው። ቃሉ ምድርን ቀድማን የነበረች፣ እኛ ደርሰን የምናያት አድርጎ ያስቀምጣታል። የሆላንዶቹ ቃል «ላንድስኻፕ» ግን በመጀመሪያ ሥዕልንም ውበትንም አያመለክትም ነበር። የራሱ ሕግና አስተዳደር ያለው ወረዳ፣ ሰዎች በጋራ የያዙት አገር ማለት ነበር። የሥዕል ዓይነት መጠሪያ የሆነው በኋላ ነው፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ገባ።

በዚያው መንገድ የተሠራ ሌላ ቃል አላቸው፦ «ዋተርስኻፕ»። ውሃን በጋራ የሚያስተዳድር ማኅበር ነው። እነዚህ ማኅበራት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰነድ ይታወቃሉ። አሠራራቸው ቀላልና ጨካኝ ነበር። ውሃ የሚያሰጋው መሬት ያለው ሁሉ ከክትሩ ድርሻውን ይጠብቃል። ድርሻውን መጠገን ያቃተው ገበሬ አካፋውን ክትሩ ላይ ተክሎ መሬቱን ለቅቆ ይሄዳል፤ አካፋውን የነቀለ ሰው መሬቱን ከነዕዳው ይወርሳል። «ክትር የማይሠራ ይልቀቅ» የሚል አባባልም አላቸው። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለውን እነሱ በግዴታ ሕግ አደረጉት፤ አላብርም ያለውን ከድሩ አወጡት። ዛሬም በኔዘርላንድስ 21 የውሃ ማኅበራት አሉ። የራሳቸው ምርጫ አላቸው፣ የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ።

«ዓለምን እግዚአብሔር ፈጠረ፤ ሆላንድን ግን ሆላንዶች ራሳቸው ሠሩ» የሚለው አባባል ከዚህ የመጣ ነው። አባባሉ ኩራት አለበት። እውነትም አለበት፤ ዛሬ ከኔዘርላንድስ መሬት 26 በመቶ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች ነው። አባባሉ የማይነግረን «ሆላንዶች» ሲል የትኞቹን እንደሆነ ነው።

▪️ መሬቱ እንዴት ተሠራ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከረግረግ ነው። በመካከለኛው ዘመን ገበሬዎች ረግረጉን ቦይ ቆፍረው አጠነፈፉት፤ እህልም ዘሩበት። ግን የረግረግ አፈር ውሃው ሲወጣለት እንደ ደረቀ ስፖንጅ ይሟሽሻል። መሬቱ በየዓመቱ ትንሽ በትንሹ ወረደ። በ1500 አካባቢ አብዛኛው የሆላንድ ቆላ ለእህል የማይሆን እርጥብ ሆኖ ነበር። ሣር ብቻ ያበቅላል። ስለዚህ ገበሬው ከእርሻ ወደ ላም ዞረ፤ ቅቤና አይብ ሸጦ እህሉን ከባልቲክ ባሕር ወደቦች በመርከብ ማስመጣት ጀመረ። በሆላንድ ሥዕሎች ውስጥ ላም እንዲያ የበዛው ለዚህ ነው። የላሟ ሰላም የታረሰ መሬት የመስጠም ውጤት ነው።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ደርቆ እንደ ኩበት የሚነደው የረግረግ አፈር የከተሞቹ ማገዶ ሆነ። የቢራ ጠማቂው፣ የጡብ ተኳሹ፣ የጨርቅ ነካሪው ምድጃ ሁሉ በእሱ ይነድድ ነበር። ያ ማገዶ የተቆፈረበት ቦታ ጉድጓድ ሆነ፣ ጉድጓዱ ኩሬ፣ ኩሬው ሐይቅ። ነፋስ ሲመታው የሐይቁ ማዕበል ዳርቻውን እየበላ ሰፋ። አገሩ ራሱን እያነደደ ይሞቅ ነበር ማለት ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው፣ ብልጽግናው በመጣበት መንገድ መሬቱ ሄደ።

ለዚህ የተሰጠው መልስ የነፋስ ወፍጮ ነበር። እህል የሚፈጨው ሳይሆን ውሃ የሚቀዳው። ከአምስተርዳም በስተ ሰሜን ያለው የቤምስተር ሐይቅ የታወቀው ምሳሌ ነው። ሥራው በ1607 ተጀመረ። ሐይቁን በክትር ከበቡት፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፈሩ፣ ከ40 በላይ ወፍጮዎች በደረጃ ተቀባብለው ውሃውን ወደ ላይ እያነሡ ወደ ቦዩ ገፉት። በ1610 መጀመሪያ ሥራው ሊያልቅ ሲል ማዕበል ክትሩን ጥሶ ሐይቁን መልሶ ሞላው። እንደገና ጀመሩ። በ1612 ከ7,000 ሄክታር በላይ መሬት ደረቀ። በቀጥታ መንገዶችና ቦዮች እንደ ቼዝ ሰሌዳ ተከፋፍሎ ለ123 ባለአክሲዮኖች ታደለ። ዛሬ ቤምስተር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከባለአክሲዮኖቹ ግንባር ቀደሙ ዲርክ ቫን ኦስ የሚባል ነጋዴ ነበር። ስሙን ያዙልኝ። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1602 ሲቋቋም የአምስተርዳም ሕዝብ አክሲዮን ለመግዛት የተመዘገበው በዚህ ሰው ቤት ነበር። ሐይቁን ያደረቀው ገንዘብና ወደ እስያ መርከብ የላከው ገንዘብ ከአንድ ኪስ ወጣ።

ቁፋሮውንና አጨዳውንስ ማን ሠራው? የአገሬው ድሃና ከውጭ የመጣው የቀን ሠራተኛ። በየበጋው ከጀርመን አገር፣ በተለይ ከቬስትፋሊያ፣ ሺዎች በእግር እየመጡ ሣር ያጭዱ፣ የረግረግ ማገዶ ይቆፍሩ፣ ገንዘባቸውን ቋጥረው ለመኸር ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ስማቸውን የያዘ የአክሲዮን መዝገብ የለም።

▪️ ሠዓሊዎቹ ምን አዩ?

ከሆላንዶቹ በፊት በአውሮፓ መሬት በሥዕል ውስጥ አጃቢ ነበር። ማዕከሉ ቅዱሳን ወይም ነገሥታት ነበሩ፤ ተራራውና ወንዙ ከኋላቸው ይዘረጋል። የአንትወርፑ ዮአኪም ፓቲኒር በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቅዱሳኑን አሳንሶ መሬቱን አሰፋ። መሬቱ ግን ከአእምሮ የወጣ ነበር፤ ገደል፣ ባሕር፣ ከተማና በረሃ በአንድ ሸራ ላይ። በ1565 ትልቁ ብሩጌል የወራትን ሥዕሎች ሲሠራ ገበሬውና አዳኙ ወደ ፊት መጡ።

በ1585 የስፔን ጦር አንትወርፕን ያዘ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ነጋዴው ከነገንዘቡ፣ ሸማኔው ከነሙያው፣ ሠዓሊው ከነብሩሹ። ዲርክ ቫን ኦስም ከእነሱ አንዱ ነበር። ስደተኞቹ ያረፉባቸው ከተሞች፣ በተለይ ሃርለምና አምስተርዳም፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ አዲስ ዓይነት ሥዕል አወጡ። በ1609 ከስፔን ጋር የ12 ዓመት ተኩስ አቁም ተፈረመ። ሰው ሳይፈራ ከከተማው ቅጥር መውጣት ቻለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክላስ ያንስዞን ቪስኸር በሃርለም ዙሪያ ያሉ «ደስ የሚሉ ቦታዎች»ን በመዳብ ቀርጾ አትሞ ሸጠ። ኢሳያስ ቫን ደ ቬልደ የሃርለምን አካባቢ ያለ ተራራ፣ ያለ ቅዱስ፣ ያለ ንጉሥ፣ ሰው ቆሞ በሚያይበት ከፍታ ሣለ። ቀላል ይመስላል። ግን ለ40 ዓመታት በጦርነት የታረሰ ሕዝብ «ይህች መንገድ፣ ይህች ጎጆ ለሥዕል ትበቃለች» ማለቱ ትልቅ ነገር ነበር። ገዢው ቤተ ክርስቲያን ወይም ቤተ መንግሥት አልነበረም። ነጋዴው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጸሐፊው ከገበያ ገዝቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ።

ዋጋው ዝቅ እንዲል አሠራሩም ተለወጠ። ያን ቫን ጎየን ቀለሙን አቅጥኖ፣ በቡናማና በግራጫ ብቻ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን እየደረበ በፍጥነት ይሥል ነበር። ከ1,200 የማያንሱ ሥዕሎች ትቷል። ወንዝ፣ ጀልባ፣ ሁለት ሦስት ሰው፣ ከዚያ በላይ ሁሉ ደመና። የሚገርመው ይህ የጸጥታ ሠዓሊ በኑሮው ቁማርተኛ ነበር። በመሬትና በቤት ነግዷል። በ1637 የቱሊፕ አበባ ዋጋ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት አበባ ገዝቶ ከሰረ፤ በ1656 በዕዳ ተዘፍቆ ሞተ። መሬት ምን ያህል ሸቀጥ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በሥዕሎቹ ውስጥ ግን መሬቱ የማንም አይመስልም።

ከሁሉም በላይ ሰዎች የሞሉበት የሄንድሪክ አቨርካምፕ ሥዕል ነው። መስማትና መናገር ስለማይችል «የካምፐኑ ዲዳ» ይሉት ነበር። በ1608 አካባቢ የሣለው የክረምት ሥዕል በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም አለ። ቦዩ በረዶ ሆኗል፤ መንደሩ ሁሉ በላዩ ላይ ወጥቷል። ባለጸጋው በሐር ልብሱ፣ ድሃው በተጣፈ ቡትቶው፣ የሚንሸራተት፣ የሚወድቅ፣ ውሃ የሚቀዳ። በአንድ ጥግ ከአሮጌ በር የተሠራ የወፍ ወጥመድ ተደግኗል። በሌላ በኩል ውሻና ቁራ የሞተ ፈረስ ይቦጫጭቃሉ። ከ1607 ወደ 1608 የተሻገረው ክረምት አውሮፓን ያንቀጠቀጠ ብርድ ነበር። አቨርካምፕ ደስታውንም ሬሳውንም በአንድ ሰሌዳ ላይ አስቀመጠ። በረዶ አጥር የለውም፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ለጥቂት ሳምንታት ተረሳ። የቤምስተር ሐይቅ መድረቅ በጀመረባቸው ወራት ሕዝቡ በሙሉ ውሃ ላይ ቆሞ ተሣለ ማለት ነው።

▪️ ራይስዳልና የሰማዩ ስፋት

ከሁሉም የሚልቀው ያኮብ ቫን ራይስዳል ነው። በ1670ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የሣለው የሃርለም እይታ ዛሬ በሄግ ከተማ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም ተሰቅሏል። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሰማይ ነው። ደመናው እንደ ተራራ ተቆልሏል፤ በመካከሉ ያለፈ ብርሃን እዚህም እዚያም መሬት ነክቷል። ከአድማሱ ላይ የቅዱስ ባቮ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይታያል። ከፊት ለፊት ባለው ሜዳ ነጫጭ ረጃጅም ነገሮች ተዘርግተዋል። ቀርባችሁ ስታዩ የተልባ እግር ጨርቅ ነው። በአጠገቡ እንደ ጉንዳን ያነሱ ሰዎች ጎንበስ ብለዋል።

ሃርለም የምትታወቅበት ሥራ ይህ ነበር። ከሌሎች አገሮች ጭምር የመጣ ጨርቅ ከአሸዋ ኮረብታዎቹ በሚወጣው ንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ በአመድ ውሃ ተቀቅሎ፣ በአሬራ ተነክሮ፣ ለወራት ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይነጣል። እጅ የሚልጥ ሥራ ነው፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ራይስዳል አልደበቃቸውም። አሉ። ግን ከዚያ ከፍታ ድካማቸው አይታይም። ጨርቁ የብርሃን ቁራጭ ሆኗል፤ ፋብሪካው ጸሎት መስሏል። ሰማዩ እንዲያ ሲሰፋ ሰው ያንሳል፤ ሰው ሲያንስ ሥራው የእሱ ሳይሆን የተፈጥሮ ይመስላል።

ራይስዳል ያየውን እንዳለ የሚገለብጥ አልነበረም። የቤንትሃይምን ግንብ በ1650 አካባቢ በድንበሩ ማዶ ሄዶ አይቶታል። ግንቡ ያለበት ጉብታ ዝቅ ያለ ነው፤ በሥዕሉ ግን ተራራ ላይ ሰቀለው። በእግሩ ያልደረሰባቸውን የስካንዲኔቪያ ፏፏቴዎች ደጋግሞ ሥሏል፤ የወሰዳቸው ኖርዌይንና ስዊድንን ካየው ከሠዓሊው አላርት ቫን ኤቨርዲንገን ነው። ተራራ የሌለው አገር ሰው ተራራ ፈጠረ። በዚህ አልከሰውም፤ የሥዕል መብት ነው። ነጥቡ ምርጫ መኖሩ ነው። ያልነበረ ተራራ መጨመር የቻለ እጅ የነበረን ቀጥ ያለ ቦይ መተው መረጠ። የሳለው ታዋቂ ወፍጮ እንኳ፣ የዋይክ ቤይ ዱርስቴደው፣ ሐይቅ የሚያደርቅ ሳይሆን እህል የሚፈጭ ነው።

▪️ ለምን አልሣሉትም?

አንድ ሰው «ቀጥ ያለ ቦይና አራት ማዕዘን ማሳ ለዓይን አይስብም፤ ነገሩ ይኸው ነው» ሊለኝ ይችላል። ተገቢ ክርክር ነው። ግን በ1689 ሜይንደርት ሆበማ የሚድልሃርኒስን የዛፍ መንገድ ሥሎ ተቃራኒውን አሳየ። ከባሕር በተነጠቀ ደሴት መሬት ላይ፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሁለት ወገን በመስመር የተተከሉ ቀጫጭን ዛፎች፣ በግራና ቀኝ ቦይ፣ በቀኝ በኩል ችግኝ የሚከረክም ሰው። ሁሉም ሰው ሠራሽ ነው፤ ሥዕሉም በሎንዶን ብሔራዊ ጋለሪ ከሚወደዱት አንዱ ነው። መሣል ይቻል ነበር። ሆበማ ይህን ሲሥል በአምስተርዳም የወይን ጠጅ በርሜል እየለካ ለቀረጥ የሚያስመዘግብ ሹመኛ ከሆነ 20 ዓመት አልፎታል። ምናልባት ኑሮውን በገበያው ላይ ያልጣለ ሰው ስለነበር ይሆናል ገበያው ያልለመደውን የሣለው።

እኔ የማየው ምክንያት ይህ ነው። ሥዕሉን የሚገዛው የከተማ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ በሒሳብ መዝገብ፣ በአክሲዮንና በኪራይ የዋለ ሰው ማታ ግድግዳው ላይ ሌላ መዝገብ ማየት አይፈልግም። ቤምስተር ደግሞ ራሱ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ማሳ የባለቤቱ ስም አለበት። የአሸዋ ኮረብታው፣ ወንዙ፣ በረዶው ግን በሥዕል ውስጥ የማንም ስላልሆነ የሁሉም ይመስላል። ከአራት አቅጣጫ ተሰድዶ በአንድ ከተማ ለተከማቸ፣ በሃይማኖት ለተከፋፈለ፣ ንጉሥ ለሌለው አዲስ ሪፐብሊክ «አገራችን» የሚል ምስል ያስፈልገው ነበር። የ123 ሰዎች ንብረት ያን ምስል ሊሆን አይችልም። ያረጀ ጎጆና ሰፊ ሰማይ ይችላል።

ይህ ውሸት አይደለም። ሕዝብን ያሰባሰበ እውነተኛ ነገር ነበር። ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የከፈሉት ከሥዕሉ የቀሩት ናቸው።

▪️ ያው ዓይን በሌላ አገር

ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ሠዓሊው ከአገሩ ሲወጣ ነው። የሃርለሙ ፍራንስ ፖስት በ1637 ወደ ብራዚል ተሻገረ። ሆላንዶች ከፖርቱጋሎች የነጠቁትን የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ለምዕራብ ሕንድ ኩባንያ የሚያስተዳድረው ዮሃን ማውሪትስ ይዞት ሄዶ ነበር። ፖስት እስከ 1644 እዚያ ቆየ፤ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው አውሮፓዊ የመሬት ሠዓሊ ሆነ። ከተመለሰ በኋላም እስኪሞት ሃርለም ተቀምጦ ብራዚልን ሣለ።

ሥዕሎቹ የሃርለም ሥዕሎች ዘመድ ናቸው። ዝቅ ያለ አድማስ፣ ሰፊ ሰማይ፣ ጸጥ ያለ ወንዝ፣ እንደ ጉንዳን ያነሱ ሰዎች። ልዩነቱ ሰዎቹ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን፣ በሩቁ ያለው ሕንጻም የሸንኮራ መጭመቂያ መሆኑ ነው። ዮሃን ማውሪትስ በ1637 ጦር ልኮ በምዕራብ አፍሪካ የኤልሚናን ምሽግ ከፖርቱጋሎች አስያዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የሸንኮራ እርሻው ሰው ይፈልጋል። ከ1636 እስከ 1645 ከ20,000 በላይ አፍሪካውያን ወደ ሆላንድ ብራዚል ተወስደው ተሸጡ። በፖስት ሥዕሎች ውስጥ ቅርጫት ተሸክመው ይሄዳሉ፣ ቆመው ያወራሉ፣ አንዳንዴ ይጨፍራሉ። ጅራፍ የለም፤ ሌሊት ሙሉ የሚፈላው የስኳር ጋን ከሩቅ ጭስ ነው። የሃርለምን ጨርቅ አንጪ ድካም ያለሰለሰው ከፍታና ርቀት ያው እዚህም ሠራ፤ እዚህ ግን ያለሰለሰው ባርነትን ነበር።

ዮሃን ማውሪትስ ብራዚል ሳለ በሄግ ቤት ያስገነባ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች «የስኳር ቤት» ብለው ያሾፉበት ነበር። ያ ቤት ዛሬ ማውሪትስሃውስ ነው፤ የራይስዳል የሃርለም እይታ የተሰቀለበት ሙዚየም ራሱ። ሙዚየሙ በ2017 የዮሃን ማውሪትስን ሐውልት ቅጂ ከመግቢያው አንሥቶ ነበር። በ2018 መጀመሪያ ጉዳዩ ወደ ፖለቲከኞች ወጥቶ «ታሪክ እያጠፋችሁ ነው» የሚል ክርክር አስነሣ። በ2019 ሙዚየሙ ስለ ሰውየውና ስለ ባርነቱ ኤግዚቢሽን አሳየ። ሐውልቱ መነሣቱ ጥፋት ነው አይደለም የሚለው ለእኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፣ የስኳር ገንዘብ የነካው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰማይ እንዴት እንዲያ ንጹሕ ሆኖ ሊታየን ቻለ የሚለው ነው።

▪️ ሥዕሉ ዛሬም ይመራል

ይህ ሁሉ የድሮ ነገር አይደለም። ከአምስተርዳም፣ ከሃርለምና ከላይደን መካከል የነበረው ትልቁ ሐይቅ፣ ዳርቻውን እየበላ ስለሚሰፋ «የውሃ ተኩላ» ይሉት የነበረው፣ በ1836 ማዕበል እስከ አምስተርዳምና ላይደን በር ደረሰ። ከ1849 እስከ 1852 በሦስት ግዙፍ የእንፋሎት ሞተር ፓምፖች አደረቁት። ዛሬ የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በዚያ ሐይቅ ወለል ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ጽጌረዳ በአጠገቡ ባለው የአልስሜር አበባ ጨረታ ይሸጣል። የእኛ አገር የአበባ እርሻና የእነሱ የደረቀ ሐይቅ በአንድ ገበያ ተገናኝተዋል።

በ1953 ጥር ማብቂያ ሌሊት የሰሜን ባሕር ክትሮቹን ጥሶ በኔዘርላንድስ ብቻ 1,836 ሰው ገደለ። የሞቱት በአብዛኛው የደቡብ ምዕራብ ነዋሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ግዙፍ የባሕር መከላከያ ዓለም የሚያደንቀው ሆነ።

በ1968 የደረቀ ሌላ መሬት ለኢንዱስትሪ ታስቦ ነበር። ቦታው ውሃ ቋጥሮ ስለቆየ ወፎች ሰፈሩበትና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆነ፤ ኦስትፋርደርስፕላሰን ይባላል። ከብት፣ ፈረስና አጋዘን ለቀቁበት፤ «ተፈጥሮ ራሷን ታስተዳድር» ተባለ። በ2017 እና 2018 መካከል በነበረው ክረምት ከ3,000 በላይ እንስሳት አለቁ፤ አብዛኞቹ በረሃብ ከመሞታቸው በፊት በጠባቂዎች ተተኩሶባቸው። ተቃዋሚዎች በአጥሩ ላይ ድርቆሽ ወረወሩ። አስቡት፤ ዕድሜው 50 ዓመት በሆነ፣ በፓምፕ በተሠራ፣ በታጠረ መሬት ላይ «ተፈጥሮ ትወስን» ተባለ። አጥሩን ያጠረው ግን ሰው ነበር።

በ2019 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የናይትሮጅን ብክለት ፈቃድ አሰጣጡን ሕገ ወጥ አለው። ከብት ማርባት መቀነስ አለበት የሚል ሐሳብ ሲመጣ ገበሬዎች ትራክተራቸውን ይዘው ሄግን አጥለቀለቁ። በ2023 የክፍለ ሀገር ምርጫ የገበሬዎቹን ቁጣ ይዞ የተነሣው አዲስ ፓርቲ አንደኛ ወጣ። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ያንኑ ሥዕል ነው። ገበሬው «ላም በሜዳ ላይ የሆላንድ መልክ ነው» ይላል፤ ፓውሉስ ፖተር በ1647 የሣለው፣ ከ3 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ወይፈን ምስክሩ ነው። የአካባቢ ተቆርቋሪው «የአሸዋ ኮረብታውና ረግረጉ የሆላንድ መልክ ነው» ይላል፤ ራይስዳል ምስክሩ ነው። ሁለቱም መልኩን እንደ ተሰጠ ነገር ያዩታል። ግን ላሟ የመጣችው መሬቱ ስለሰጠመ ነው፤ ረግረጉም ደኑም በሕግና በገንዘብ የተጠበቀ ነው። «ወደ ቀድሞው እንመለስ» የሚል የትኛው ወገን ነው ስለ ቀድሞው የሚያውቀው? የሚመልሱት ወደ ሥዕሉ እንጂ ወደ መሬቱ አይደለም።

ይህን የምለው ሥዕሎቹን ለማንኳሰስ አይደለም። የራይስዳልን ደመና ያየ ሰው ሰማይን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ያያል። ግን የማንኛውም አገር የመሬት ምስል፣ በሸራም ይሁን በብር ኖት ላይ፣ በቱሪዝም ማስታወቂያም ይሁን በምርጫ ፖስተር፣ ፊት ለፊታችሁ ሲቀርብ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን መሬት ማን ሠራው? ማን ከፈለ፣ ማንስ ወረሰ? በምስሉ ውስጥ ያነሰው ወይም ከነጭራሹ የሌለው ማን ነው?

የቤምስተር ክትር በ1610 ሲፈርስ እንደገና ጭቃ የተሸከሙት ሰዎች ፊት በአንድም ታላቅ ሸራ ላይ የለም። መሬቱ ግን አሁንም ደረቅ ነው።